አሥራ አንድ ዓመት የዘገየች ሰላምታ

እስክንድርያ ውስጥ፣ አንፉሺ ሰፈር፣ ከጀልባ ጠጋኞቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ልብስ ተኳሹን ኡስታ ባዩሚን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ልብሱን ጨማዶ የሚለብስ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በደረጃ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ልብስ ሲተኩስ ኖሯል። ያውም በእጁ አይደለም፣ በእግሩ ነው። መሬት ላይ ጣውላ ይዘረጋል፣ ጣውላው ላይ ያ ከባድ የብረት ካውያ ይቀመጣል፣ ባዩሚ ደግሞ ረጅሙን የእንጨት እጀታ ጨብጦ በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው እየገፋ ያስኬደዋል። ውሃ የሚረጨውም በአፉ ነው፤ ጉንጩን እስኪነፋ ይሞላና ሸሚዙ ላይ ፍፍፍ ያደርጋል። ይህን ሥራ የሚችሉ ሰዎች በከተማው በጣት ይቆጠራሉ። እሱም ያውቀዋል፣ ትንሽም ይኮራበታል፣ ግን ደግ ሰው ስለሆነ ማንም ኩራቱን አይቆጥርበትም።

ደግነቱ ላይ አንድ ጉድለት ነበረበት። ፈሪ ነው። ፈሪ ስንል ሌባ የሚፈራ ወይ ውሻ የሚፈራ ማለታችን አይደለም፤ የሰው ፊት ሲቀየር ማየት የሚፈራ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ፈሪ ክፉ ሳይሆን ክፉ ይሠራል። ባዩሚም በዚህ ፍርሃቱ ምክንያት የሙት ሰላምታ በሆዱ ይዞ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠ። ሰላምታዋ የተላከችው ከሱ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖረው ለሲት ኢንሻራህ ነበር፤ ሲት እዚያ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው የኡስታዝ ወጊህ ኑዕማን ሞት ነው። ወጊህ ኡስታዝ ቢባልም የሃይማኖት መምህር ሳይሆን የራዲዮ ሰው ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ «ሰላምታ ከወደቡ» የሚል ዝግጅት ነበረው፤ ባሕር ላይ ላለ ባል፣ ኩዌት ለሄደ ልጅ፣ ለተኳረፈ ወንድም ሰው የጻፈውን ያነብ ነበር። ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ እንኳ የአንፉሺ ሰው ለወጊህ መጻፉን አልተወም። ለምን ቢባል፣ እዚያ ሰፈር ወንድ ልጅ ሚስቱን ናፈቅሽኝ ብሎ ፊት ለፊት አይናገርም፤ ከአፉ አይወጣለትም። በወጊህ አፍ ሲሆን ግን ያምራል። «እንዴት አደራችሁ የወደብ ልጆች? ማን ማንን ናፈቀ?» ብሎ ሲጀምር ዓሣ ሻጩም ቢላውን ያስቀምጣል። መጨረሻ ላይ የራሱን አንድ ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ያነበበው ደብዳቤ የቱንም ያህል ሆድ የሚያባባ ቢሆን።

ማክሰኞ ዕለት አራት ሰዓት ሲሆን ባዩሚ አፉን ውሃ ሞልቶ እየጠበቀ ነበር። ከራዲዮኑ የወጊህ ድምፅ መምጣቱ ቀርቶ ቁርኣን መቀራት ጀመረ። አንድ ደቂቃ ጠበቀ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቀ፣ አላቆመም። ያን ጊዜ ገባው። ውሃውን ዋጠው። ካውያው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሸሚዝ ላይ እንደ ቆመ ቀርቶ ጀርባውን አቃጠለው፤ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ያቃጠለው የመጀመሪያው ሸሚዝ ነው።

መንገዱ በአንድ አፍታ ሰው በሰው ሆነ። ዓሣ ሻጯ ዓጢያት ጉንጯን በሁለት እጇ እየመታች ወጣች። ሻይ ቤት ያለው ዘኪ የስኳሩን ዕቃ አንስቶ ጓዳ አስገባ፤ ለቅሶ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ስኳር የሌለው ቡና ጠጣ። ወጊህን በዓይኑ ያየ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። ሆኖም ሁሉም የቤት ሰው እንደ ሞተበት ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን አላህ ያጽናህ ይለዋል።

ወዲያው ደግሞ ክርክር ተነሳ። ጣቢያው የወጊህን የድሮ ንባቦች እየመረጠ ሦስቱን ቀን ሊያሰማ ነው ተባለ። በሰፈሩ ደንብ ሟች ሲኖር ራዲዮ አይከፈትም፤ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከላይ ፎቅ እስከ ታች ሱቅ፣ ጸጥ ነው። ታዲያ ሟቹ ራሱ የራዲዮ ሰው ሲሆንስ? ዘኪ መከፈት አለበት አለ፤ ራዲዮ ዘግቶ ለወጊህ ማልቀስ ሟቹን በር ላይ አቁሞ ውስጥ እሱን ፍለጋ እንደ መግባት ነው ብሎ ተሟገተ። ጀልባ ጠጋኞቹ ደግሞ ደንብ ደንብ ነው፣ ዛሬ ለወጊህ ከከፈትን ነገ ለዘፈን ይከፈታል አሉ። ዓጢያት መሃል ገብታ፣ ይከፈት ግን ዝቅ ይበል አለች። ሁለቱም ወገን ሳቀባት።

ጉዳዩን የጨረሰችው ሲት ኢንሻራህ ናት። ከመስኮቷ ብቅ አለች። ስልሳ የደረሰች፣ ቀጥ ያለች፣ ባሏ ሲሞት የለበሰችውን ጥቁር ልብስ ያላወለቀች ሴት ናት።

«ሟች ባለበት ሰፈር ራዲዮ አይከፈትም» አለች። «አንድ ጊዜ የከፈተ ሰው ነበር። አይተነዋል።»

ይህን ስትል ባዩሚን አላየችውም። አላየችውም ማለት እንደ ወትሮዋ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደረጃውን ስትወርድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው ሱቁን የምታልፈው። ልብሷን ሦስት መንገድ ተሻግራ ሌላ ቤት ታስተኩሳለች። ባዩሚ ሄዶ ራዲዮኑን ዘግቶ ፎጣ አለበሰውና የተቃጠለውን ሸሚዝ እያገላበጠ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የኢንሻራህ ባል ረይስ ጋበር የዓሣ ጀልባ አለቃ ነበር፤ የባዩሚም የነፍስ ወዳጅ። ልቡን ታሞ ከባሕር ሲቀር ዶክተሩ ጨው የሚባል ነገር አፉ እንዳይደርስ ከለከለው። ኢንሻራህ ስድስት ወር ሙሉ ያለ ጨው ቀቀለችለት። ሰውየው ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ፣ ወጊህን ለመስማት ብሎ ወደ ባዩሚ ይወርዳል፤ በሩን ገርበብ ያደርጉና ፈሲኽ ይፈታሉ። ፈሲኽ ማለት ወር ሙሉ ጨው ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ነው፤ ሽታው ብቻውን ውሃ ያስጠማል። በሽንኩርትና በዳቦ ነው የሚበሉት። የሚገዛው ባዩሚ ነበር። አትብላ ብሎ ሊከለክለው ሁለት ሦስት ጊዜ አስቦ፣ የጋበር ፊት ሲጠቁር ማየቱን ፈርቶ ተወው።

ጋበር አንድ ሐሙስ ንጋት ላይ ሞተ። ሰፈሩ ራዲዮኑን ሁሉ ዘጋ። አራት ሰዓት ሲሆን አስከሬኑ ገና ቤት ነው፣ ቀብሩ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው፤ ባዩሚ ለለቅሶው የሚሆኑ አንሶላዎች ሲተኩስ ያ ሰዓት ያለ ጋበር ሲደርስበት አልቻለም። ራዲዮኑን ከፈተና ፎጣ ጣል አደረገበት። ጆሮውን አስጠግቶ ሲሰማ፣ ወጊህ ከረይስ ጋበር ለባለቤቱ ለኢንሻራህ የተላከች ሰላምታ አነበበ። ጋበር ከሁለት ሳምንት በፊት የላካት ናት፤ ተራዋ የደረሰው ያን ቀን ነው። ለሚስቱ ብሎ የላካትን ሰላምታ፣ እሱ ከላይ ተገንዞ ሳለ፣ ከሰፈሩ ሁሉ የሰማት ባዩሚ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ለጋበር ክብር ሲል ራዲዮኑን ዘግቷል።

ሰላምታዋ ውስጥ የባዩሚ ስም ነበረበት፤ ፈሲኹም ነበረበት። መጨረሻ ላይ ወጊህ ቀልዱን ሲጨምር ባዩሚ እንባው እየወረደ አፉ ውስጥ የነበረውን ውሃ በሳቅ አንሶላው ላይ ተፋው። ያን ጊዜ ኢንሻራህ እህቷን ልትቀበል ደረጃውን እየወረደች ነበር። ፎጣ የለበሰ ራዲዮንና የሚስቅ ወዳጅ አየች። ተመልሳ ወጣች።

ለቅሶው ላይ ደግሞ የጋበር እህት ሰኒያ በሰው ሁሉ ፊት፣ ወንድሜን በጨው ገደልሽው አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢንሻራህ ድስት ውስጥ ጨው ገብቶ አያውቅም። ለረመዳን የምትልከውን ሾርባ ጎረቤቱ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ በር ዘግቶ ነው ጨው የሚነሰንስበት። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይነግራትም።

ባዩሚ በሦስተኛው ቀን ሊነግራት ወጥቶ ነበር፤ በሩን ዘጋችበት። ዘጋችብኝ ብሎ ደስ አለው፤ እውነቱ ይሄው ነው። ሰላምታዋን ከተናገረ ፈሲኹን ሊናገር ነው። ፈሲኹን ከተናገረ ገዳዩ ማን ሊባል ነው? በዓመቱ ሕሊናው ሲወቅሰው ለወጊህ ጻፈለት፦ ያቺን የረይስ ጋበርን ሰላምታ እባክህ ድገምልኝ፣ የተላከላት ሰው አልሰማችም፣ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት አለው። ወጊህ አንድ ጠዋት በአየር ላይ መለሰለት፦ «የአንፉሺው ባዩሚ፣ ሰምተሃል አይደል? እንግዲህ አድርስ።» ሌላ ምንም አልጨመረም። ነገሩ ያልገባው ሰፈር ሁሉ ይህችን ይዞ መቀለጃ አደረጋት። ልብስ ሊያመጣ የሚመጣው ሁሉ፣ ባዩሚ ሰምተሃል አይደል፣ ለሐሙስ አድርስ ይለዋል። እሱም አብሮ ይስቃል። ወጊህ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ራሱ ያነባት ይሆናል እያለ ዓመት በዓመት ላይ ጨመረ። አሁን ወጊህ ሞተ። ሰላምታዋ ሳትደርስ መቅረቷን የሚያውቅ ሌላ ሰው በዚህ ዓለም የለም። ባዩሚ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ደረቱን ይወጋዋል። እሱ ከሞተ ሰላምታዋም አብራው ልትቀበር ነው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሰዉ ዘኪ ሻይ ቤት በር ላይ ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ከሻይ ቤቱ ጎን ባለው ደረጃ ላይ። ራዲዮ ስለሌለ እያንዳንዱ ወጊህ ያደረሰለትን ሰላምታ ያወራ ጀመር። ዓጢያት ልጇ ኩዌት ሆኖ የላከላትን ቃል በቃል ደገመችው። ዘኪ ተኳርፎ የነበረ ወንድሙ በወጊህ በኩል ይቅርታ እንደ ጠየቀው፣ ወንድሙ እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አብሮ ሲሰማ እንደ ነበር ሲያወራ ሰዉ ለቅሶውን ረስቶ ሳቀ። አንዱ ጀልባ ጠጋኝ ሚስቱ ያገባችው በሱ ቁመና ሳይሆን በወጊህ ድምፅ እንደሆነ ተናገረ። እሷም ከደረጃው ላይ፣ ድምፁን ብቻ ባገባ ይሻለኝ ነበር አለችው።

ኢንሻራህ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ሳቁ ሲበርድ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና ተናገረች።

«እናንተስ ደረሳችሁ። ጋበር ጠዋት ጠዋት እዚያች ሱቅ ተቀምጦ የሰውን ሰላምታ ሲሰማ ኖረ። ለኔ አንዲት ቃል አልላከም። ቅር ብሎኝ አይደለም። በኔ አዝኖ ይሆን የሞተው እያልኩ ነው የምኖረው።»

ሴቶቹ ተይው፣ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮሽ አያውቅም፣ አሏት። ባዩሚ ግን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰማት። ያንን ብረት ሠላሳ አራት ዓመት የገፋ እግር መንገዷን ለመሻገር እንቢ አለው። ሆኖም ተሻገረ። እፊቷ ቆመ። እሷ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባዩሚ ከየት ብሎ እንደሚጀምር ጠፋውና፣ ያቺን ሰላምታ እንደ ሰማት ብቻ ስለሚያውቃት፣ ከወጊህ መግቢያ ጀመረ።

«እንዴት አደራችሁ የወደብ ልጆች?» አለ። «ማን ማንን ናፈቀ?»

ሰዉ ያበደ መሰለው። ዘኪ ሊይዘው ተነስቶ፣ ፊቱን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከረይስ ጋበር፣ ከአንፉሺ፣ ለባለቤቴ ለኢንሻራህ። አርብ አርብ ከዶክተሩ ተደብቀሽ ሾርባዬ ላይ ቆንጠር አድርገሽ የምትጨምሪያትን ጨው አውቃታለሁ። እንዳላወቀ ሆኜ ዝም እላለሁ እንጂ ሳምንቱን የምገፋው እሷን እያሰብኩ ነው። እኔም የደበቅኩሽ አለ። ጠዋት ጠዋት ከባዩሚ ጋር ካውያ ቤት ፈሲኽ እበላለሁ። ለብቻችን ብነግርሽ ትጮሂብኛለሽ፤ በሰው ፊት እንደማትጮሂ ስለማውቅ ነው ለወጊህ የሰጠሁት። አንድ ነገር ብሆን ያንቺ ጨው አይደለችም። ሆዳሙ እኔ ነኝ። ካንቺ ቤት የወጣ አንድም ክፉ ነገር አልቀመስኩም።»

እዚህ ላይ ኢንሻራህ ቀስ ብላ ፊቷን ከግድግዳው መልሳ አየችው።

«ወጊህ የጨመረው አለ» አለ ባዩሚ። «‹ሲት ኢንሻራህ፣ ባልሽን ተይው፣ ባዩሚ ላይ ጩሂበት› አለ። በዚህ ነው ያን ቀን የሳቅኩት። ጋበር ከላይ ተኝቶ ነበር። ፈሲኹን የምገዛለት እኔ ነበርኩ፣ ሲት ኢንሻራህ። እርስዎ ምንም አላደረጉም። እኔ ነኝ።»

እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አርብ አርቡን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

የአርቡን ጨው ኢንሻራህ ለማንም አልተናገረችም፤ ለእህቷም እንኳ። ጋበር ሾርባውን እያየ ሲተክዝ ዘወር ብላ ነበር የምትጨምረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገደልኩት ብላ የምትቆጥረው በዚያች ጨው ነው። ስለዚህ ባዩሚ ፈጥሮ ነው ለማለት አልቻለችም፤ ይህን ከጋበር በቀር የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ተነሳችና ጮኸችበት። እንዴት አድርጋ። አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነው። ፈሪ አለችው፣ ሆዳም አለችው፣ ጨው የሌለው ሾርባ አሥራ አንድ ረመዳን ለሰው ስትልክ እያየ ጉሮሮውን ያላነቀው ከሃዲ አለችው፤ የሰው ልብስ እያስተካከልክ የሰው ኑሮ ጨማደህ ተቀመጥክ አለችው። ከጀልባ ጠጋኞቹ ሜዳ ሰው መዶሻውን ይዞ ሊያይ መጣ። ባዩሚ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ሰማት። ዓጢያት ልትገላግል ስትነሳ ዘኪ በእጁ ከለከላት። ኢንሻራህ ድምፁ ሲያልቅባት እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ይህ ለቅሶ ግን ለወጊህ አልነበረም።

ባዩሚ ሱቁ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሐሙስ አልከፈተም። ሰዉ ምን እንዳለው አልሰማም፤ ሰፈሩ ግን ብዙ ተናግሯል። ገሚሱ እንዲህ ያለ ሰው ልብስ አይሰጠውም አለ። ገሚሱ ደግሞ እንኳን ነገራት፣ ማን ነበር ይህን ደፍሮ የሚናገር አለ። ሰኒያ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል ለማወቅ የቸኮለም ነበር። ባዩሚን ያስጨነቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኢንሻራህ እንደገና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታልፍ እንደሆነ። አሁንስ ብታልፍ እውነት አላት።

አርብ አራተኛው ቀን ነው። ጠዋት ለሶላት የሚለበሰው ጀለቢያ ሁሉ ተከምሮ ስለሚጠብቀው ባዩሚ ግድ ሆኖበት ከፈተ። ሦስቱ ቀን ስላለቀ ከየመስኮቱ ራዲዮ ይሰማ ጀምሯል፤ የሱ ግን ፎጣ እንደ ለበሰ ነው። አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማ። እግሩን ከካውያው ላይ አንስቶ ጠበቀ። ኮቴው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ኢንሻራህ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ሳህን ይዛ ገባች። ጋበር ይቀመጥባት በነበረችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሳህኑን ጣውላው ላይ፣ ከካውያው አጠገብ አኖረችው፤ የዓሣ ሾርባ ነው። ፎጣውን በራሷ እጅ ከራዲዮኑ ላይ ገፈፈችና፦

«ክፈተው» አለችው።

ከፈተው። አዲስ ሰው ነው የገባው፤ ልጅ እግር ነው፣ ድምፁ ገና ያልበሰለ፣ የወጊህን መግቢያ ሊል ሲል ተንተባተበ። ሁለቱም ሰሙት። ባዩሚ ማንኪያውን አነሳና ቀመሰ። ሴትየዋ ለአሥራ አንድ ዓመት ጨው በእጇ ስላልነካች ልኩ ጠፍቶባታል፤ ሾርባው ባሕር ነው። ምላሱ ተቃጠለ። ሁለተኛ ጎረሰ፣ ሦስተኛ ጎረሰ፣ ዳቦ እንኳ ሳይለምን እስከ መጨረሻው ጠጣው። እሷ ከሳህኑ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ጨዉ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ልክ ነው፣ ሲት ኢንሻራህ» አላት። «ልክ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ሳህኑን ተቀበለችው፤ ከመውጣቷ በፊትም ከብብቷ ሥር አንድ የተጣጠፈ ጥቁር ቀሚስ አውጥታ ከሚተኮሰው ክምር ላይ አስቀመጠችለት።